የድሮው ፖስታ ቤት የመሃል ግድግዳ

ሚያዝያ 8 ቀን 1999፣ ሰኞ

ዝናብ። ከእናቴ ቤት፣ ከሆሳዕና ከተማ ይዤው የመጣሁት ጃንጥላ አንድ ዘንጉ ተሰብሯል። ቢሮ ስደርስ ግማሽ ጎኔ ርሷል።

ጠዋቱን ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ፕላን ስስል አረፈድኩ። ቦንጋ በሕንጻ ቴክኒሻንነት ከተመደብኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አጥር፣ መጸዳጃ ቤት፣ አጥር...

ከሰዓት የግንባታ መምሪያው ኃላፊ አቶ ሀብተሥላሴ አስጠሩኝ።

«የድሮውን ፖስታ ቤት ታውቂዋለሽ?»

«በውጭ በውጭ ነው የማውቀው።»

«የፖስታ ቤቱ ሰዎች አዲሱ ሕንጻ ገብተዋል። ቤቱ ለእኛ ተሰጥቶናል። ለሚሊኒየሙ የወጣቶች አዳራሽ ይሆናል። መሃሉን ክፈቺና አንድ ሰፊ አዳራሽ አውጪበት። ሁለት ሳምንት ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል» አልኩ። ሳላየው።

ደስ ብሎኛል። ቤት ልሠራ ነው። እሑድ እናቴ ስትደውል እነግራታለሁ።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

ሜትርና ደብተር ይዤ ገባሁ። የበሩ ቁልፍ እጅ ይሞላል።

ፊት ለፊቱ በጥርብ ድንጋይ የተሠሩ ሦስት ቅስቶች አሉ፤ ከኋላቸው በረንዳ። ከበሩ በላይ አንበሳ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ሲሚንቶ ለጥፈውበት ጅራቱ ብቻ ቀርቷል። ውስጡ ሁለት ክፍል ነው። በግራ ሕዝቡ የሚስተናገድበት፣ በቀኝ ደብዳቤ የሚለዩበት። በሁለቱ መካከል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፤ ለካሁት፣ ስልሳ ሴንቲ። ከኋላ የእንጨት ደረጃ አለ፤ የፖስታ ቤቱ ሹም ይኖርበት ወደነበረው ፎቅ ይወጣል።

የባንኮኒው ጣውላ ሰው ክንዱን ያሳርፍበት በነበረው ቦታ ሁሉ ጎድጉዷል። ስንት ሰው ቆሞበት ይሆን? የደብዳቤ ሳጥኖቹ በሮች ገና ቁጥራቸው ይነበባል።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሥራ ይዤ ገብቼ አላውቅም። ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሚያዝያ 11፣ ሐሙስ

በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። ጋሽ ገብረሚካኤል ይባላሉ። እዚሁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የመጨረሻዎቹን አሥራ አራት ዓመታት ፎቁ ላይ ኖረዋል፤ ልጆቻቸውም እዚያው ተወልደዋል። የካፋ ሰው ናቸው፣ አማርኛቸው ግን እንደ ጽሕፈት መኪና ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ ይወጣል።

«ምን ሊያደርጉት ነው ልጄ?»

«መሃሉ ፈርሶ አዳራሽ ሊሆን ነው ጋሼ።»

 ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። የመሃሉን ግድግዳ በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱና አንድ ቦታ ቆሙ። «እዚህ ጋ እይ... እዪ። በ71 በር እንክፈት ብለው ጀመሩ። ክንድ ያህል እንደከፈቱ እኛ ቤት፣ ፎቅ ላይ፣ አልጋው ተንሸራተተ። ባለቤቴ እየጮኸች ወረደች። በዚያኑ ቀን መልሰው ደፈኑት።»

ተጠግቼ አየሁት። እውነትም የተደፈነ በር ቅርጽ አለ። ድንጋዩ ሌላ፣ ጭቃው ሌላ።

ሽማግሌ ነገር ያጋንናል፣ አይደል?

ሚያዝያ 16፣ ማክሰኞ

አያጋንኑም።

መሰላል አስመጥቼ የኮርኒሱን ጣውላ ሁለት ቦታ ነቀልኩ። የፎቁን ወለል የተሸከሙት ወጋግራዎች ከዳር ግድግዳ እስከ ዳር ግድግዳ ወጥ ይመስሉኝ ነበር። አይደሉም። ከግራ የመጣው መሃል ግድግዳው ላይ ያልቃል። ከቀኝ የመጣውም እዚያው ያልቃል። እያንዳንዳቸው ስንዝር ተኩል ያህል ግድግዳው ላይ ተኝተዋል። አሥራ ሁለት ቦታ አየሁ፣ አሥራ ሁለቱም እንደዚያ። የጣራው ቋሚዎችም በዚያው መስመር ቆመዋል።

ግድግዳው ከሌለ ፎቁም ጣራውም የሚያርፉበት የላቸውም።

ከመሰላሉ ወርጄ በዳሩ ግድግዳ በኩል ዞሬ ወጣሁ። ገና ምንም ሳይፈርስ ምን ያስፈራኛል?

ሚያዝያ 18፣ ሐሙስ

ለአቶ ሀብተሥላሴ ነገርኳቸው። ሁለት መፍትሔ አለ አልኳቸው። ወይ ግድግዳው ይቆይና ሁለት ክፍል ሆኖ ይሠራበት፤ ወይ በግድግዳው ምትክ ኮንክሪት ቢምና ኮለን፣ ማለትም አግዳሚና ምሰሶ፣ ይግባ፤ እሱ ግን እስከ መስከረም አይደርስም።

ተነሥተው በሩን ዘጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያወሩኝ።

«በጽሑፍ አድርገሽዋል?»

«ገና ነው።»

«አታድርጊው። አዳራሽ ተብሎ ለሕዝብ ተነግሯል። ከአንቺ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረውን ልጅ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ስለ አንድ መንገድ ጉድለት ጻፈ። እውነቱን ነበር። የ97ቱ ግርግር ሲመጣ ያ ወረቀት ወጣ። ‹ከማን ጋር ሆነህ ነው ልማት የምታደናቅፈው?› አሉት። አራት ወር ታሰረ። ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም።» ከዚያ «እናት አለችሽ አይደል?» አሉኝ።

ማስፈራራታቸው ነው ወይስ ማዘናቸው? ፊታቸውን ሳየው እሳቸውም ፈርተዋል።

ሚያዝያ 24፣ ረቡዕ

ስብሰባ ነበር። ከላይ ሁለት ሰዎች መጥተዋል። አንደኛው የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እያየው ነው የሚናገረው። ስለ ሚሊኒየሙ፣ ስለ ወጣቱ... ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ቴክኒሻኗ፣ ይቻላል ወይስ አይቻልም?»

ወጋግራዎቹን አሰብኩ። ያን ልጅ አሰብኩ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀውን። አቶ ሀብተሥላሴ እስክሪብቷቸውን እያዩ ነው።

«ይቻላል» አልኩ።

«በቃ። ይኸው።»

ሚያዝያ 25፣ ሐሙስ

ፈረምኩ። ፕላኑ ላይ የመሃሉ ግድግዳ በነጠብጣብ መስመር ተስሏል፤ የሚፈርስ ማለት ነው። ከሥሩ የኔ ስም።

ግንቦት 6፣ ሰኞ

ሥራ ተጀመረ። ሣህሌ የሚባል ኮንትራክተር ነው የያዘው። ቀልደኛ ነው፣ ሠራተኞቹን በስማቸው ይጠራል። እኔን «ኢንጂነር» ይለኛል። አይደለሁም ብዬ ብነግረውም አልሰማም አለ። እኔ ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሄጄ የሥራ ቦታው መዝገብ ላይ እጽፋለሁ።

ስምንት ሠራተኞች አሉ፣ ሦስቱ ሴቶች። ከሴቶቹ አንዷ ተሾመች ናት፤ ከከተማው ዳር በእግሯ እየመጣች ድንጋይና አሸዋ ትሸከማለች፤ አማርኛ ገና እየለመደች ነው።

ዛሬ ባንኮኒውን ነቀሉት። ጋሽ ገብረሚካኤል በረንዳው ላይ ቆመው አዩ። ሰላም ስላቸው እጄን ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ። «ነገርሻቸው?» አሉኝ።

«ነገርኳቸው።»

ውሸት አይደለም። ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ግንቦት 14፣ ማክሰኞ

ቤት አከራዬ እትዬ ይመኙሻል በር ላይ ጠበቁኝ። አንድ ሰው መጥቶ ጠየቀኝ አሉ። ሴትዮዋ ስሟ ማን ነው፣ ከየት ነው የመጣችው፣ ብቻዋን ነው ወይ የምትኖረው። እየጻፈ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ቦርሳ የያዘ። ጨዋ ነው። በራችን ላይ በጠመኔ ቁጥር ጽፎ ሄደ።»

ወጥቼ አየሁት። 047።  ለማን ምን ተናግሬ ነው? ለአቶ ሀብተሥላሴ ብቻ ነው የተናገርኩት... ለጋሽ ገብረሚካኤልም። የትምህርት ቤት ደብዳቤዎቼን ሁሉ አየኋቸው፤ ችግር የሚያመጣ ነገር ይኖርባቸው ይሆን? ይህን ደብተርስ?

ግንቦት 17፣ ዓርብ

የሕዝብ ቆጠራ ነው። ለካ የመንደሩ በር ሁሉ ቁጥር ተጽፎበታል። እትዬ ይመኙሻል ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ግን ሦስት ቀን ምግብ አልበላሁም። ማንም ሳይነካኝ።

ሰኔ 5፣ ማክሰኞ

መሃል ግድግዳውን መናድ ጀመሩ። ሣህሌ ሞኝ አይደለም፤ በግድግዳው ግራና ቀኝ የባሕር ዛፍ አጣና አቁሞ በላያቸው አግዳሚ አጋድሞባቸዋል፣ ወጋግራዎቹ እዚያ ላይ እንዲያርፉ። ቀጭን ነው። አጣናዎቹም የቆሙት በዚያ አሮጌ ወለል ላይ ነው፣ ከሥሩ አፈር ነው።

«ወፍራም አጣና የለም?» አልኩት።

«ኢንጂነር፣ ለጊዜው ነው። ኋላ ሁለት የብረት ምሰሶ እናደርግለታለን።»

«ፕላኑ ላይ የብረት ምሰሶ የለም እኮ።»

«እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነበር» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመ።

ሰኔ 12፣ ማክሰኞ

ከፊተኛው መሃል ቅስት በላይ ስንጥቅ አለ። ባለፈው ሳምንት አልነበረም። መሃል ግድግዳው ከፊቱ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። የጥፍሬ ጫፍ ይገባል።

ጀሶ በጥብጬ በስንጥቁ ላይ እንደ ፕላስተር ለጠፍኩበት። በእርሳስ ቀኑን ጻፍኩ። ቤቱ ካልተንቀሳቀሰ ጀሶው አይሰበርም።

ሰኔ 14፣ ሐሙስ

ተሰብሯል።

ሰኔ 18፣ ሰኞ

ሦስት ጊዜ ለጠፍኩ፣ ሦስቱም ተሰበሩ። የግድግዳው ግማሽ የለም። ዝናቡ ደግሞ አላቋረጠም፤ በኋላው በር ጎርፍ እየገባ ወለሉ ረጥቧል፣ አጣናዎቹ የቆሙበት ሁሉ።

ዛሬ ሣህሌን ሥራው ይቁም አልኩት። ማለቴ... ለጥቂት ቀን ቢቆም አልኩት።

«በማን ትእዛዝ?»

«እኔ እያልኩህ ነው።»

ከኪሱ ፕላኑን አወጣ፣ አራት እጥፍ የታጠፈ። ዘረጋና ስሜን በጣቱ ነካው። «እኔ የምሠራው በዚህ ነው። ይህቺ ሩሀማ ፈቅዳልኛለች። አንቺ ሌላ ሩሀማ ከሆንሽ ወረቀት አምጪ።» በቁጣ አልነበረም። ለዚህ ነው የበለጠ ያመመኝ።

በምሳ ሰዓት ዝናብ ስለነበር ስምንቱም ውስጥ ተቀምጠው በሉ። ከወጋግራዎቹ በታች። ተሾመች ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ አምጥታ ነበር፣ ቆርሳ ሰጠችኝ።

«ለምንድነው አትበላም አንቺ? ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የምታየው። እዚያ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አልኳት።

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ስብሰባው ላይ ካልኩት ይከፋል።

ሰኔ 20፣ ረቡዕ

አቶ ሀብተሥላሴን ለመንኳቸው። ጀሶዎቹን በፌስታል ይዤ ሄጄ ጠረጴዛቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። አንድ በአንድ አገላበጧቸው፣ ቀኖቹን አነበቡ።

«ምን ላድርግ ሩሀማ?»

«ይቁም ይበሉ።»

«እኔ ይቁም ካልኩ ከላይ ይጠይቁኛል። ፕላኑን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። አንቺ ነሽ ይቻላል ያልሽው።»

እውነታቸውን ነው። ሁላችንም እውነት አለን። ማን ነው ታዲያ ከዚያ ቤት ሰዎቹን የሚያስወጣቸው?

እፈራለሁ። እስር ቤት እፈራለሁ። እናቴ በሰው አፍ ስትሰማው እፈራለሁ። ግን ነገም ዝናብ ነው፤ ምሳቸውን የሚበሉት ውስጥ ነው።

ሰኔ 21፣ ሐሙስ



ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። የሥራ ቦታውን መዝገብ ከፍቼ ጻፍኩ። ቃሉ ይኼ ነው፦ «ሚያዝያ 25 የፈረምኩበት ፕላን ስሕተት ነው። ስሕተት መሆኑን ስፈርም አውቅ ነበር። ፊርማዬን አንሥቻለሁ። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ማንም ሰው ከፎቁ በታች እንዳይሠራ፣ እንዳይቀመጥ። ሩሀማ።»

ከዚያ መሃል ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ድምፄ ጠፋብኝ፣ ግማሹን ደግሜ አነበብኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሣህሌን ነው የሚያዩት። ሣህሌ እኔን ነው የሚያየኝ።

«አንቺ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ይህን ጽፈሽ የት ልትገቢ ነው?»

«አላውቅም።»

ተሾመች ነበረች መጀመሪያ የተነሣችው። ዲጂኖውን ግድግዳ ላይ አስደገፈች፣ ምሳዋን አነሣች፣ በዝናቡ ወጣች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች፣ ከዚያ ወንዶቹ። ሁሉም በረንዳው ላይ ከቅስቱ በታች ሊቆሙ ሲሉ ከዚያም ውጡ አልኳቸው፤ ስንጥቁ እዚያ ነው። መንገድ ተሻግረን ሱቅ በር ላይ ዘጠኝ ሰው ተጠጋግተን ቆምን። ሣህሌ ብቻውን ውስጥ ቀረ። ወደ ላይ እያየ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ወጣና በሩን ቆለፈ።

ሰኔ 22፣ ዓርብ

ጠሩኝ። ቢሮዬ አይደለም፣ ሌላ ቢሮ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት።

አንድ ሰው ነው። ደብተር ይዟል። አልጮኸብኝም፣ አልነካኝም። ግን በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ የተሰማኝ ድምፅ ገና ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ማን ነው ያዘዘሽ?»

«ማንም።»

«ከሆሳዕና ማን ይደውልልሻል?»

«እናቴ።»

«በምርጫው ጊዜ የት ነበርሽ?»

«ኮሌጅ።»

«በዓሉ ሁለት ወር ሲቀረው አዳራሽ የምታስቆሚው ለምንድነው?»

«ወጋግራዎቹ...»

መልሶ ከመጀመሪያው። ማን ነው ያዘዘሽ። ስንት ጊዜ? መቁጠር አቆምኩ። መጨረሻ ላይ «ወጋግራ ወጋግራ ትያለሽ፣ ምንድነው እሱ?» አለኝ። እስክሪብቶውን ለመንኩትና ደብተሩ ላይ ሳልኩለት። ሁለት ግድግዳ ከዳርና ዳር፣ አንድ ከመሃል፣ ሁለት እንጨት። ከዚያ የመሃሉን በእጄ ሸፈንኩት።

ደብተሩን ወደ ራሱ አዙሮ አየው።

«ሂጂ» አለኝ። «ከከተማ እንዳትወጪ።»

እትዬ ይመኙሻል ሾርባ ሰጡኝ።  ምንም አልጠየቁኝም፤ አጠገቤ ተቀምጠው እግራቸውን ታጠቡ፣ ብቻዬን እንዳልሆን ነው።

ሰኔ 25፣ ሰኞ

አልወደቀም።

ሦስት ቀን ዘነበ፣ ቤቱ ቆሟል። ከሥራ ታግጃለሁ፤ በየቀኑ ግን ቢሮ ሄጄ መገኘቴን መፈረም አለብኝ። ኮሪደሩ ላይ አንዱ «ፖስታ ቤቱ ደህና አደረ?» አለኝ። ሰዎች ሳቁ።

ዓርብ ሥራ ይቀጥላል ተብሏል። ሣህሌ ሠራተኞቹን ጠርቷል አሉ።

ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ስመለከተው ምን እንዳሰብኩ ልጻፈው፤ ከጻፍኩት ምናልባት ይተወኛል። ውደቅ አልኩት። ቤቱን። ማንም በሌለበት አሁኑኑ ውደቅና ነጻ አውጣኝ አልኩት። የጋሽ ገብረሚካኤል ልጆች የተወለዱበትን ቤት! እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ?

ካልወደቀ ውሸታም ነኝ። ከወደቀ... በማን ላይ?

ሰኔ 28፣ ሐሙስ

ከሐዋሳ መሐንዲስ መጣ። ሳሙኤል ይባላል፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ቦት ጫማ ያደረገ። ማን እንደጠራው አላወቅሁም። እኔንም አስጠሩኝ።

አቶ ሀብተሥላሴ፣ ሣህሌ፣ እኔ፣ ያ ደብተር የነበረው ሰውም። ኢንጂነር ሳሙኤል ማንንም ሳያናግር መሰላሉን ከዳር ግድግዳው በኩል አስደግፎ በባትሪ እያበራ በኮርኒሱ ውስጥ ሄደ። ኋላ ከላይ ሆኖ «ተቆጣጣሪዋ ትምጣ» አለ። ወጣሁ። ባትሪውን ወደ አንዱ ወጋግራ ጫፍ አቀና።

አጣናው የቆመበት ወለል ሰምጧል። አግዳሚው ተዘንብሏል። ስንዝር ተኩል ተኝቶ የነበረው ወጋግራ ተንሸራትቶ ተንሸራትቶ... አግዳሚው ላይ የቀረውን በጣቶቹ ለካው። ሁለት ጣት።

«ቀጣዩን እዪ» አለኝ። ሁለት ጣት። ከዚያ የሚቀጥለው፣ ሦስት። ከዚያ አንድ ተኩል።

«ውረጂ። ቀስ ብለሽ።»

ታች ስንደርስ ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጣና መንገዱ ላይ ነገራቸው። ሣህሌ እኔ ልይ ብሎ ገባ፤ መሰላሉ ላይ ብዙ አልቆየም። ተመልሶ መጥቶ ሱቁ በር ላይ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። «ስምንት ሰው» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

«ማን ነው የፈረመው?» አለ ኢንጂነር ሳሙኤል።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነው ያስቆመው?»

«እኔ ነኝ።»

ያ ደብተር የነበረው ሰው አየኝ፣ ከዚያ ቤቱን አየው፣ ከዚያ ሄደ።

መኪናው ጋ ስሸኘው ኢንጂነር ሳሙኤል ቀስ ብሎ «አለቃሽ ናቸው የደወሉልኝ» አለኝ። «ከቢሮም ከቤታቸውም አይደለም፣ ከሆቴል ስልክ። ስሜን አታንሣ ብለውኛል። እንደማታውቂ ሁኚ።»

ኋላ አቶ ሀብተሥላሴን ሳያቸው ጫማቸውን ከጭቃ እየጠረጉ ነበር። ጭቃው ከለቀቀም በኋላ መጥረጋቸውን አላቆሙም። 

ሐምሌ 9፣ ሰኞ

ግድግዳው በራሱ ድንጋይ ተመልሶ እየተሠራ ነው፣ አሁን በሲሚንቶ። መጀመሪያ ፎቁን በወፍራም ግንድ ደገፉት፤ ለዚህ ሣህሌ ራሱ ሁለት ቀን እዚያው ነው የዋለው። አዳራሽ ቀርቷል፤ ሁለት ክፍል ይሆናል።

ለኔም ደብዳቤ ደረሰኝ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ወደ ገጠሩ ወረዳ ወደ ቢታ ገነት መዛወር። ምክንያቱ «እያወቀች የተሳሳተ ፕላን በመፈረሟ» ይላል። ስለማስቆሜ አንድ ቃል የለም፣ በክፉም በደግም።

አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው የሰጡኝ። በሩ ተዘግቷል።

«አስተያየት አለሽ?»

«የለኝም። እውነት ነው።»

«እኔም ዐውቅ ነበር» አሉኝ። ወደ መስኮቱ ዞረው። «እሱ ግን ደብዳቤው ላይ የለም።»

 ላመሰግናቸው ፈለግሁ፣ ልሰድባቸውም ፈለግሁ። እንደማታውቂ ሁኚ ተብያለሁ። «ደህና ይሁኑ» ብዬ ወጣሁ።

ነሐሴ 20፣ እሑድ

ቢታ ገነት። ጭቃው ቡትስ ይጎትታል። ቢሮው አንድ ክፍል ነው፤ ኃላፊው ገብረወልድ የሚባል ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው፣ አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ነን። ወሬዬ ቀድሞኝ ደርሷል። «ቤት ያስቆመችው» ይሉኛል። አንዳንዱ በአክብሮት፣ አንዳንዱ ራቅ ብሎ። ገበያ ስሄድ ከኋላዬ ሰው ሲሮጥ ከሰማሁ አሁንም እደነግጣለሁ። ይህ መቼ ነው የሚለቀኝ?

መስከረም 5 ቀን 2000፣ እሑድ

ለበዓሉ ቦንጋ ነበርኩ። ዛሬ ከመመለሴ በፊት ሄጄ አየሁት።

ቢጫ ቀለም ቀብተውታል፣ አላማረበትም። በግራ ያለው ክፍል ማንበቢያ ሆኗል፣ በቀኝ ያለው የወጣቶች፤ ፒንግፖንግ ይጫወታሉ። በደብዳቤ ሳጥኖቹ ውስጥ ተማሪዎች ቦርሳ ያስቀምጣሉ። ፎቁ ተዘግቷል። ስንጥቁ ተደፍኗል፣ መስመሩ ግን ለሚያውቅ ይታያል።

ጋሽ ገብረሚካኤል ማንበቢያው ውስጥ መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣ ይዘዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «የባለቤቴ አልጋ ከዚህ በላይ ነበር» አሉኝ፣ በጣታቸው ወደ ላይ።  እሳቸው ያነባሉ። እኔ ማንበብ አልቻልኩም፤ ልጆቹ በማዶ ሲዘሉ ወለሉ ድም ይላል፣ ዓይኔ ኮርኒሱ ላይ ነው። እንደማይወድቅ ዐውቃለሁ። ራሴ አይቻለሁ ሲሠሩት። ያም ሆኖ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያው።

ተሾመችን መንገድ ላይ አገኘኋት። ሌላ ሥራ ቦታ ናት፣ ድንጋይ ትሸከማለች። ሳቀች። «አሁን ትበያለሽ ወይ?» አለችኝ።

ጥቅምት 6 ቀን 2000፣ ረቡዕ

ዛሬ ገብረወልድ የአንድ ጤና ኬላ ፕላን አመጣልኝ። ሌላ ቦታ የተሳለ፣ ለዚህ ወረዳ የተላከ። ቦታውን ዐውቀዋለሁ፤ ሐሙስ ገበያ ስወርድ የማልፍበት ረግረግ ነው፤ በዘንግ ቢነኩት ውሃ ያወጣል። መሠረቱ ግን ለደረቅ መሬት ነው የተሳለው።

«ፈርሚና ዛሬ ከሰዓት በመኪናው ይሂድ፤ ከላይ እየጠበቁ ነው።»

«መሬቱ ሳይታይ አይፈረምም።»

«ሩሀማ፣ አስቸኳይ ነው እኮ። ከቦንጋ ሁለት ጊዜ ደውለዋል።»

 ያ ቢሮ፣ ያ በር፣ ማን ነው ያዘዘሽ... ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አልፈርምም» አልኩት።

ገብረወልድ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ወደኔ። ፊቱን ዐውቀዋለሁ፤ ያን ፊት ቦንጋ አይቼዋለሁ።

«ሲደውሉ ምን ልበላቸው?»

«ሩሀማ አልፈረመችም በላቸው። ስሜን ጥራ።»

ፕላኑን አጣጥፎ ወጣ። እኔም ቡትሴን አድርጌ ረግረጉን ልለካ ወረድኩ።